አዋቂ ሰው አንጎሉ ውስጥ አዲስ ነርቭ ሕዋስ ይወለዳል ወይ?

ባዮሎጂ ክፍል የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አባባል አለች፦ "የነርቭ ሕዋስ ከሞተ አይተካም።" ሐዋሳ ውስጥ ስትሮክ የመታቸውን አባቱን ለፊዚዮቴራፒ በባጃጅ የሚያመላልስ ልጅ ይቺኑ ሰምቶ ተስፋ ይቆርጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተቃራኒው በየስልኩ ይዞራል፤ አንጎል በየትኛውም ዕድሜ ራሱን ያድሳል፣ ይህን ቅጠል ጠጡ፣ ይህን እንክብል ዋጡ የሚል። እንዲህ በደፈናው ከተባሉ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጉዳታቸውም ቀላል አይደለም፤ አንዱ ሰውን ሕክምናውን ያስተወዋል፣ ሌላው ገንዘቡን ያስጨርሰዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በአብዛኛው የአንጎላችን ክፍል ካደግን በኋላ አዲስ ነርቭ ሕዋስ አይወለድም። ዴንቴት ጋይረስ በምትባል አንዲት ጠባብ እጥፋት ውስጥ ግን ቢያንስ በአንዳንድ አዋቂዎች ጥቂት አዳዲስ ነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ስንት ይወለዳሉ፣ ማን ላይ ይበዛሉ፣ ለምን ያገለግላሉ የሚለው ገና ተመራማሪዎችን ያከራክራል። የክርክሩ ሥር ያለው አንድ አስቸጋሪ ሥራ ላይ ነው፤ የአንድን ሕዋስ ዕድሜ ማወቅ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሌሎች እንስሳት ነገር ብዙም አያከራክርም። ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥቶ አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ የሚበለተው ቆሮሶ የሚገኝበት የዓሣ ወገን ዕድሜውን ሙሉ ብዙ የአንጎሉ ክፍሎች ውስጥ ነርቭ ሕዋስ ይጨምራል፤ ይህ በቅርብ ዘመዱ በሞዛምቢክ ቲላፒያ ላይ ተጠንቷል። ዚብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ አንጎሏ ተወግቶ እንኳ የጠፋውን ትተካለች። በወፎች በኩል ፈርናንዶ ኖትቦም በ1980ዎቹ ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ካናሪ የምትባለውን ዘማሪ ወፍ አጥንቶ፣ ዜማ የምትማርበት የአንጎል ክፍል አዳዲስ ሕዋሳት እንደሚቀበል አሳየ። አይጦች ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ ዴንቴት ጋይረስና የማሽተቻው ክፍል። በሰው ላይ ወደ ማሽተቻው የሚፈሰው የአዳዲስ ሕዋሳት ጅረት ሕፃኑ 18 ወር ገደማ ሲሞላው እንደሚደርቅ በ2011 ታውቋል። ለአዋቂ ሰው የቀረው ዋናው ጥያቄ ስለዚህ ስለ ዴንቴት ጋይረስ ነው።

ይህች እጥፋት የምትገኘው በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግራና በቀኝ በተቀመጠው ሂፖካምፐስ ውስጥ ነው። የሂፖካምፐስ ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ የታወቀው በአሳዛኝ መንገድ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ሕክምና ሲባል በ1953 በሁለቱም በኩል ያለው ሂፖካምፐሱ በአብዛኛው ተቆርጦ ወጣለት። ከዚያ በኋላ እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ የሚያገኘውን ሰውና የሚውልበትን ነገር በማስታወሻው ማስቀረት አልቻለም፤ የልጅነቱ ትዝታ ግን አብዛኛው ደህና ነበር።

የሕዋስን ልደት መያዝ

ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ለመገልበጫ ከሚያስፈልጉት አራት ግብዓቶች አንዱ ታይሚዲን ይባላል። ጆሴፍ አልትማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ውስጥ ደካማ ጨረር የሚሰጥ ታይሚዲን ለአይጦች ሰጠ። ከመርፌው በኋላ የሚከፈል ሕዋስ ሁሉ ጨረር ያለበትን ዲኤንኤ ይዞ ይቀራል፤ ሳይከፈል የኖረው ግን ምልክት የለበትም። አልትማን የአይጦቹን አንጎል ስስ አድርጎ ቆርጦ ሲያይ ምልክቱን ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ አገኘው። ግኝቱ ሃያ ዓመት ገደማ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። በ1985 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲው ፓስኮ ራኪች ተመሳሳይ ዘዴ በአዋቂ ዝንጀሮዎች ላይ ሞክሮ አዲስ ነርቭ ሕዋስ አላየሁም ሲል የቀድሞው እምነት ይበልጥ ጸና።

ጨረር ያለው መርፌ ለምርምር ብሎ ለጤነኛ ሰው አይሰጥም። በር የከፈተው የካንሰር ሕክምና ነበር። ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን የተባለ፣ ታይሚዲንን የሚመስል ነገር ዕጢያቸው በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ለማወቅ ለአንዳንድ ታማሚዎች ይሰጥ ነበር። ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰንና አሜሪካዊው ፍሬድ ጌጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን የወሰዱ አምስት ሰዎች ሲያርፉ አንጎላቸውን መረመሩ። ሰዎቹ በ57 እና በ72 ዓመት መካከል ነበሩ። ምልክቱ ዴንቴት ጋይረስ ውስጥ ባሉ ነርቭ ሕዋሳት ላይ ተገኘ፤ ውጤቱም በ1998 ታተመ። ዓለምን ያስደነቀ ጽሑፍ ነው። ግን አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ታማሚዎች ነበሩ። በዚያ ላይ ይህ ምልክት ማድረጊያ ሳይከፈል የተጎዳ ዲኤንኤውን ብቻ የሚጠግን ሕዋስ ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ በዚህ ዘርፍ ከታዩት ሁሉ ብልሃት የሞላበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1955 እስከ 1963 ኃያላኑ መንግሥታት ከመሬት በላይ ያፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን-14 (ደካማ ጨረር የሚሰጥ የካርቦን ዓይነት) እጥፍ ሊያደርሱት ምንም አልቀረም። በ1963 ስምምነት ተደርጎ ሙከራው ሲቀንስ፣ ተጨማሪው ካርቦን ቀስ በቀስ ወደ ውቅያኖስና ወደ ዕፅዋት እየገባ በአየር ላይ ያለው መጠን መውረድ ጀመረ። ነፋስ ድንበር የለውም፤ በዚያ ዘመን ሲዳማ ውስጥ የበቀለ እንሰት ሳይቀር ይህንን ካርቦን ከአየር ስቧል፣ ቆጮውን የበላ ሰውም ወደ ሰውነቱ አስገብቶታል። አንድ ሕዋስ ሲወለድ በዲኤንኤው ውስጥ የሚገባው የካርቦን-14 መጠን በዚያ ዓመት አየር ውስጥ የነበረውን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አይለወጥም። ስለዚህ ማንም ሰው ምንም መርፌ ሳይወጋ፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ የልደት ቀን ተጽፎበታል።

በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ዮናስ ፍሪሰንና ክርስቲ ስፖልዲንግ ከነባልደረቦቻቸው በዚህ ሠሩ። መጀመሪያ ከአስከሬን የተወሰደው ሂፖካምፐስ ይፈጫል፤ የሕዋሳቱ አስኳሎች ከሌላው ይለያሉ። ከዚያ የነርቭ ሕዋስ አስኳል ብቻ ላይ የሚጣበቅና የሚያበራ አንቲቦዲ ተጨምሮ፣ የበራውን ካልበራው የሚለይ መሣሪያ የነርቭ ሕዋሳቱን ለብቻ ያወጣል። በመጨረሻ ዲኤንኤው ተጣርቶ ካርቦን-14ቱ አክስለሬተር በተባለ አቶሞችን በሚያፈጥን መሣሪያ ይለካል። በ2013 የወጣው ውጤት ከ19 እስከ 92 ዓመት የነበሩ 55 ሰዎችን የሸፈነ ነበር። ስሌታቸው፣ በአዋቂ ሰው በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ገደማ አዳዲስ ነርቭ ሕዋሳት ይጨመራሉ የሚል ሆነ። የዘዴው ደካማ ጎን የሚሰጠው አማካይ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድን አዲስ ሕዋስ ለይቶ "ይሄው" አያሳይም። ሲለይ የሌላ ሕዋስ አስኳል ቢቀላቀል ደግሞ ስሌቱ ይዛባል።

ይኸው ቡድን ቀደም ሲል በ2006 የአንጎል ቅርፊትን በተመሳሳይ መንገድ ለክቶ ነበር። እዚያ የተገኙት ነርቭ ሕዋሳት ከባለቤታቸው ጋር እኩል ዕድሜ ያላቸው ናቸው። የምናስብበት፣ የምንናገርበት፣ እጃችንን የምናዝበት የ80 ዓመት አዛውንት የአንጎል ቅርፊት በ80 ዓመት ነርቭ ሕዋሳት ይሠራል ማለት ነው።

የ2018ቱ ክርክር

ሦስተኛው ዘዴ በዓይን ማየት ነው። ገና ያልበሰለ ነርቭ ሕዋስ ዳብልኮርቲን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ለዚህ ፕሮቲን የተዘጋጀ አንቲቦዲ የአንጎል ቁራጭ ላይ ሲደረግ ለጋዎቹ ሕዋሳት ብቻ ቀለም ይይዛሉ።

በመጋቢት 2018 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የአርቱሮ አልቫሬዝ-ቡያ ቡድን በዚህ መንገድ 59 ናሙናዎችን መርምሮ፣ ለጋ ሕዋሳቱ ከተወለድን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት በፍጥነት እንደሚቀንሱ፣ ከ13 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ አንድም እንዳላገኘ አስታወቀ። በወር ልዩነት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማውራ ቦልድሪኒ ቡድን ከ14 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 28 ሰዎችን አጥንቶ፣ በእርጅናም ሳይቀር አዳዲስ ሕዋሳት አሉ አለ። ሁለቱም ያዩት አንድ ቦታ ነው፣ መሣሪያቸውም ተቀራራቢ ነው። ታዲያ እንዴት?

ዋናው ተጠርጣሪ የአስከሬን አያያዝ ነው። ከአሞራ ገደል የተገዛ ቆሮሶ ፀሐይ ላይ ከዋለ መልኩ ዓሣ ቢሆንም ሥጋው ሌላ እንደሚሆነው፣ ሰው ካረፈ በኋላ አንጎሉ ሳይነካ በቆየ ቁጥር ዳብልኮርቲን ይበሰብሳል። ከዚህ የሚገርመው ግን እንዳይበሰብስ ከልክ በላይ መጠበቁም ስህተት ማምጣቱ ነው። ቁራጩ እንዳይበሰብስ በሚቀመጥበት ፎርማሊን ውስጥ ብዙ ከቆየ ኬሚካሉ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸውና አንቲቦዲው የሚይዝበት ቦታ ይሸፈናል፤ ሕዋሱ እዚያው እያለ አይታይም። ብዙ የአንጎል ባንኮች ደግሞ ናሙናቸውን ፎርማሊን ውስጥ የሚያቆዩት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ነው።

ማሪያ ሎሬንስ-ማርቲን በማድሪድ ይህንኑ በቀጥታ ፈተነችው። ከአንድ ሰው አንጎል የተወሰዱ ቁራጮችን ለተለያየ ሰዓት ፎርማሊን መሰል ኬሚካል ውስጥ አቆየች። የ24 ሰዓት ቆይታ ምልክቱን ክፉኛ ያደክመዋል፤ ከዚያ ሲበልጥ ጭራሽ ይጠፋል። ሰዓቱን ጠብቃ በ2019 ባወጣችው ጥናት ከ43 እስከ 87 ዓመት በሆኑ 13 ጤነኛ ሰዎች ላይ በርካታ ለጋ ሕዋሳት ተገኙ። አልዛይመር በነበረባቸው 45 ሰዎች ላይ ግን ቁጥራቸው በሽታው ገና ሲጀምር እንኳ ቀንሶ ነበር።

በዚህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ መልስ ክብደት አለው። ከናሙናዎቻቸው ከፊሉ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች የተወሰዱ፣ ሰዓት ሳይፈጁ ኬሚካል ውስጥ የገቡ ናቸው። የሕፃናቱ አንጎል እንደ አዋቂዎቹ ተይዞ ሳለ በለጋ ሕዋሳት የተሞላ ነበር፤ አያያዝ ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የሕፃናቱም ይጠፋ ነበር። በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ ያለበት ሂፖካምፐስ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ሌላም ነጥብ አንስተዋል፤ ዳብልኮርቲን ያለው ሕዋስ ሁሉ ትናንት የተወለደ አይደለም። አይጥ ላይ አዲስ ሕዋስ በሳምንታት ውስጥ ይበስላል፣ ዝንጀሮ ላይ ወራት ይፈጃል፣ በሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። በልጅነት ተወልዶ ለረጅም ጊዜ ሳይበስል የቆየ ሕዋስ "አዲስ" ተብሎ ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለጋ ሕዋስ ማግኘት አይበቃም፤ ሲከፈል የተያዘ እናት ሕዋስም መታየት አለበት።

ከ2022 ጀምሮ ክርክሩ ወደ አርኤንኤ፣ ማለትም በሥራ ላይ ካሉ ጂኖች ወደሚገለበጠው መልእክት፣ ዞሯል። እያንዳንዱ አስኳል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ በሺዎች በሚቆጠሩ አስኳሎች ላይ አንድ በአንድ ማንበብ ተችሏል። እዚህም በመጀመሪያው ዙር ተለያዩ፤ የዬሉ ኔናድ ሼስታን ቡድን በአዋቂ ሰው ላይ ከእዚህ ግባ የሚባል ማስረጃ አጣ፣ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሆንግጁን ሶንግ ቡድን ደግሞ ያልበሰሉ ሕዋሳትን አገኘ። በ2025 የፍሪሰን ቡድን ከሕፃን እስከ 78 ዓመት ሰው ድረስ መርምሮ፣ ሲጠበቅ የነበረውን፣ በመከፈል ላይ ያሉ እናት ሕዋሳትን በአዋቂ ዴንቴት ጋይረስ ውስጥ አሳየ። አንዳንዶቹ አዋቂዎች ላይ በርከት ያሉ ነበሩ፣ ሌሎቹ ላይ የሉም ሊባል ጥቂት ቀርቷቸዋል። ማስረጃው በአንድ ላይ ሲመዘን ሚዛኑ ወደ "ይወለዳሉ፣ ግን በጣም ጥቂት፣ ከሰው ሰውም ይለያያሉ" ያዘነብላል። የሰው ለሰው ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ የቀደሙት ጥናቶች በጥቂት ናሙና ላይ ተመሥርተው መጋጨታቸው አያስገርምም።

ጥቂት ሲባል ስንት ነው?

የ2013ቱን ስሌት እንዳለ ብንቀበል፣ በቀን 700 በእያንዳንዱ ጎን፣ በሁለቱም 1,400፣ በዓመት 511,000 ይሆናል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሳት አሉት። የዓመቱ አዲስ ልደት ከጠቅላላው 0.0006 በመቶ ገደማ ነው። ነርቭ ካልሆኑት ደጋፊ ሕዋሳት መካከል ግን የመከፈል ችሎታቸውን ያላጡ አሉ፤ "አንጎል ይታደሳል" ሲባል አንዳንዴ የሚደባለቀው ይሄ ነው።

ጥቂት መሆናቸው ከንቱ አያደርጋቸውም። አይጦች ላይ እንደታየው ለጋ ነርቭ ሕዋስ ከአሮጌው ይልቅ በትንሽ ምክንያት ይቀሰቀሳል፤ ይህም ተቀራራቢ ትዝታዎችን ለመለየት ይረዳል። ትናንት ሞተሩን ከመናኸሪያው በር በስተግራ፣ ዛሬ ደግሞ በስተቀኝ ያቆመ ሰው ሲመለስ በትክክለኛው በኩል እንዲሄድ የሚያደርገው ዴንቴት ጋይረስ የሚሠራው ዓይነት ሥራ ነው። አይጦቹ ላይ ከሚወለዱት አብዛኞቹ ከሌሎች ሕዋሳት ጋር ሳይገናኙ በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። በሰው ላይ ስንቱ ተርፎ ሥራ እንደሚጀምር የሚያሳይ ቀጥተኛ ልኬት የለም።

ለታማሚና ለአስታማሚ

ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣ ስትሮክ ካልታከመ በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሳት እንደሚያጠፋ ተሰልቷል። በቀን 1,400 እየተወለደ ይህን የአንድ ደቂቃ ጉዳት ለመሙላት ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ያውም አዲሶቹ ሕዋሳት ከዴንቴት ጋይረስ ወጥተው ወደ ተጎዳው ቦታ አይሄዱም። ስለዚህ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ሲነሳ ከወደቀ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ሰውየው መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይዞ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው መሮጥ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ደም መፍሰስ አለመሆኑ በሲቲ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት፣ ውሃ ማጠጣት ወይም "ይለፍለት" ብሎ ማስተኛት አደጋ አለው፤ አስፕሪኑ የሚፈሰውን ደም ሊያባብስ፣ ውሃው መዋጥ ያልቻለው ሰው ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ያ አባቱን በባጃጅ የሚያመላልሰው ልጅ ግን ትክክል እየሠራ ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው መሻሻል በዋነኛነት አዲስ ሕዋስ ከመወለድ አይደለም፤ የተረፉት ነባር ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት እየሠሩ የሞቱትን ሥራ በከፊል ስለሚረከቡ ነው። ግንኙነቱ የሚጠነክረው በድግግሞሽ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሠራ እጅ ብዙ አይራመድም፤ ባለሙያው ያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ቤት ውስጥ መደጋገም የሕክምናው ግማሽ ነው።

እንክብሉን በተመለከተ፣ በሰው አንጎል ውስጥ ነርቭ ሕዋስ እንደሚያበቅል የተረጋገጠለት አንድም እንክብል የለም። የመርሳት በሽታን ለማዳን በሚል በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው የስቴም ሴል መርፌም እንዲሁ አልተረጋገጠም። ይልቅ ያሉትን ሕዋሳት የሚጠብቁት ነገሮች ርካሽ ናቸው፤ ግፊትን ከ140 በ90 በታች ማዋል፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ሞተር ላይ ሄልሜት ማድረግ። ፈተና ደርሶ ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ተማሪም ያነበበውን የሚያረጋለትን እንቅልፍ ነው የሚከፍለው።

የእግር ጉዞም ከዚሁ ጎራ ነው። አይጦች መሮጫ መንኮራኩር ሲሰጣቸው አዳዲስ ሕዋሳታቸው በእጥፍ ገደማ ይጨምራሉ። በሰው ላይ በ2011 የወጣ ጥናት 120 አረጋውያንን ወስዶ ግማሾቹን በሳምንት ሦስት ቀን አስኬደ። በ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ በሰባተኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ፤ በዚያው ዓመቱን ጨረሱ። የሂፖካምፐሳቸው መጠን 2 በመቶ ጨመረ፣ ሰውነት ማሳሳብ ብቻ የሠሩት ደግሞ 1.4 በመቶ ቀነሰባቸው። ተከታይ ጥናቶች ሁሉ ይህንን ጭማሪ አላገኙትም፤ ለልብና ለግፊት ያለው ጥቅም ግን አያጠራጥርም። ሐዋሳ ላይ ለጀማሪ አረጋዊ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ሜዳው ይመረጣል፤ ታቦር ተራራ ሽቅቡ ልብን፣ ቁልቁሉ ጉልበትን ይፈትናል። ፍጥነቱ ከጎን ካለ ሰው ጋር ለማውራት የሚያስችል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ይሁን፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት ወይም ወደ ማታ።

ያ የ2 በመቶ ጭማሪ የአዳዲስ ነርቭ ሕዋሳት ቁጥር ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል፤ አይደለም። የደም ሥሮች መብዛት፣ የነባር ሕዋሳት ቅርንጫፍ መስፋት፣ የፈሳሽ ለውጥ፣ ሁሉም መጠን ይጨምራሉ። በተለመደው የኤምአርአይ ምስል ላይ አንዲት ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስትሆን በውስጧ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነርቭ ሕዋሳትን ትይዛለች፤ ከመካከላቸው ትናንት የተወለደውን መለየት አይቻልም። በሕይወት ባለ ሰው ላይ አዲስ ነርቭ ሕዋስ የሚቆጥር መሣሪያ ሐዋሳም ሆነ ስቶክሆልም ውስጥ የለም። "ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ" ተብለው ጎን ለጎን የሚለጠፉ የአንጎል ፎቶዎች ስለ ነርቭ ሕዋስ ልደት ምንም አያሳዩም።